ለዝምበይ ደም ፍለጋ

ማራኪ ሰፈር መጥታችሁ ስለ እኔ ብትጠይቁ «ያቺ ውሾቿን የምታስርበዋ ባለ ምግብ ቤት?» ይሏችኋል። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ዕድሜዬን ተዉት። አራት ጠረጴዛ ያላት የተማሪ ምግብ ቤት አለችኝ፤ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ወደ ቀሐ በኩል ባለ አንድ ደብር ያገለግላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን፤ እሱ በዜማው፣ እኔ በድስቴ።

ስለ ውሾቹ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢያችን ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር አንዲት ፈረንጅ ተከራየችን። ከሻንጣዋ ጋር ሁለት ውሾች ይዛ ከተፍ አለች። ውሾች ስላችሁ የሰፈራችሁን ውሻ እንዳታስቡ። ግሬይሃውንድ ይባላሉ፤ በአገራቸው ለሩጫ ውድድር ተብለው የሚዳቀሉ ናቸው። እግራቸው ረጅም፣ ወገባቸው ሙልጭ ያለ፣ የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ የሚቆጠር፤ እስኪጠግቡ በልተው እንኳ ሳምንት ጦም ያደሩ ይመስላሉ። ፈረንጇ ከውድድር በጡረታ ሲገለሉ ነው የወሰደቻቸው። ካቻምና ክረምት ሥራዋ ሲያልቅ ይዛቸው የምትሄድበት መንገድ አጣች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችና ለእኔ ትታቸው ሄደች።

የፈረንጅ ስማቸው ለአፍ አይመችም ነበር። በእኛ አገር ደግሞ የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም ይናገራል። «አስራበቻቸው» የሚለው ሐሜት ሲበዛብኝ ወንዱን «ምናገባችሁ» አልኩት። ሴቷን «ዝምበይ» አልኳት። የመጀመሪያው ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ለአጥር ጎረቤቴ ለእትዬ ዘነቡ ነው። እትዬ ዘነቡ ምናገባችሁ ዶሮዋን ከገደለባት ወዲህ ሰላም አትለኝም ነበር፤ ያልኩትም በደንብ ገብቷታል።

አስቸጋሪ ውሾች ናቸው፤ አልዋሻችሁም። ከወገራ በኩል የሚነፍሰውን ብርድ አይችሉም፤ ከአሮጌ ጋቢ ልብስ ሰፍቼ ሳለብሳቸው መንደሩ ለሳምንት ሳቀብኝ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ እሾህ እንደ ወረቀት ይቀደዋል። ምናገባችሁ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ነቅቷል ብላችሁ ብትነኩት ይነክሳል። እኔ በጣቴ ከፍዬበት ተማርኩ። ከሁሉ የሚብሰው የዱላ ፍርሃቱ ነው። ዱላ ያየ እንደሆነ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ እሱ ሮጦ ደግሞ የሚደርስበት የለም።

አባቴ ክፉ አይደለም፤ ግን አይነካቸውም ነበር። «ውሻ የነካውን ልብስ ለብሼ ቅኔ ማኅሌት አልቆምም» ይላል። በበራቸው ሲያልፍ ነጠላውን ሰብሰብ ያደርጋል። የሚገርመው ታዲያ ምናገባችሁ ከማንም አብልጦ የሚወደው እሱን መሆኑ ነው። አባቴ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያዜም ያ ፈሪ ውሻ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ይተኛል። አንድ ቀን እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ተከትሎት ሄደ። አባቴም ሳይነካው፣ ከፊት ከፊቱ እየመራ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መልሶ አመጣው።

እንግዲህ ሁዳዴ ገባ። ከእኔ ጋር የመጀመሪያ ሁዳዴያቸው ነበር። በጾም ምግብ ቤቴ ውስጥ የሥጋ ዘር አይገባም፤ በአዘቦቱ ለውሾቹ ቁርጥራጭ የሚሰጠኝ ባለ ሥጋ ቤትም ይዘጋል። የተማሪ ሽሮና ምስር ግን በየቀኑ ይተርፋል። ከእንጀራው ጋር ለውሼ ሰጠኋቸው። ምናገባችሁ አሸተተና ያን ረጅም አፍንጫውን አዞረ፤ ከደረቅ ዳቦ በቀር አልቀምስ አለ። «ኩራተኛ! የቤተ መንግሥት ልጅ መሰልህ?» ብዬ ሰደብኩት። ዝምበይ ግን ሳህኑን ጥርግ አድርጋ ትልሳለች። «የኔ ጾመኛ» እያልኩ አንገቷን አሻሸሁላት።

እትዬ ዘነቡም በአጥር በኩል ሰምታ ለአባቴ «ደግ አደረገች፤ በነነዌስ ከብቱ ጾሞ የለ?» አለችው።

«እሱ ሦስት ቀን ነው፣ ወይዘሮ ዘነቡ» አለ አባቴ። «ይኸ ሃምሳ አምስት ነው።»

ስቄ አለፍኩት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝምበይ እንቅልፍ አበዛች። ደረጃ ስትወጣ ትቆማለች፣ ታለከልካለች። ጾሙ እኔንም አድክሞኝ ስለነበር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

መጻጉዕ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ ረፋድ፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ከጓዳ ስወጣ ዝምበይ በውሃ በርሜሉ ሥር ተዘርግታ አገኘኋት። ስጠራት ልትነሳ ሞከረች። የፊት እግሮቿ ቆሙ፤ የኋላዎቹ ከዷትና ተመልሳ ወደቀች። የሸናችውን አየሁት፤ የጥቁር ጠላ መልክ ነበረው። ከንፈሯን ገለጥ ሳደርግ ድዷ ኖራ ሆኗል።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ወደ ደብሩ ሊሄድ ነጠላውን እያጣፋ ነበር። መጥቶ ከበላዬ ቆመ።

«ምነው? ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ! ትላንት እኮ ሽሮዋን በልታ ነው ያደረችው።»

ጎንበስ ብሎ አያት፤ እጁን ዘርግቶ መለሰው። «በይ ቶሎ ሐኪም አሳያት» አለኝ። «እግዚአብሔር ይማራት።» ለውሻ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ እሱን ስሰማ ነው የባሰ የደነገጥኩት።

ባጃጅ አስቆሜ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ታቅፌያት ወጣሁ። ከኋላዬ የግቢውን በር አልዘጋሁትም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ሐኪሙ ዶክተር አንዷለም ይባላል፤ ቦቲ ጫማ የሚያደርግ ወጣት ነው፤ ውሎው ከበቅሎና ከበሬ ጋር ነው። ዝምበይን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ልብና ድዷን አየ። ከእግሯ ትንሽ ደም ቀዳ። ደሙ ቀልጦ፣ ውሃ እንደበዛበት ወጥ ሆኖ ወጣ። ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየ።

«እህቴ፣ ምንድን ነው የምታበያት?»

«የቤት ምግብ ነው። እንጀራ በሽሮ።»

«ሽሮው ሽንኩርት አለው?»

«ዶክተር፣ ያለ ሽንኩርት ምን ሽሮ አለ?»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

«እሱም አለው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁዳዴ ከገባ» አልኩ፤ ድምፄ መውረድ ጀመረ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ። በቀን ሁለቴ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው» አለኝ፤ ሊያስቀይመኝ እንዳልፈለገ ያስታውቃል። «ቀይም ይሁን ነጭ፣ ቢበስልም ያው ነው። ደሟን ነው የሚያፈርሰው። አሁን ያላት ደም ሊኖራት ከሚገባው ሩብ ቢሆን ነው።»

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰፈሩ «አስራበቻቸው» ሲለኝ የምቆጣው አውቄ ነበር፤ ሆዳቸውን እንደማላጎድል ራሴ እመሰክር ነበር። ለካ ያጠገብኳት መስሎኝ በየቀኑ በሁለት እጄ ስመርዛት ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ መርዙን ልሳ ጨርሳ ጭራዋን ትቆላልኝ ነበር። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ትሞታለች?»

«ደም ካላገኘች እስከ ማታ የምትቆይ አይመስለኝም።»

«ለውሻ ደም ይሰጣል እንዴ?»

«ይሰጣል። ስማር አይቻለሁ፤ በእጄ ግን ሰጥቼ አላውቅም።» እውነቱን ስለነገረኝ አመንኩት። «ትልቅና ጤነኛ ውሻ ያስፈልገናል። የእነዚህ የሯጮቹ ደም ደግሞ ወፍራም ነው፤ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሌላ አለሽ አይደል? እሱም ሽሮ ይበላል?»

«አይበላም!» ብዬ ብድግ አልኩ። «አፍንጫውን አዙሮ እምቢ ብሏል! ዳቦ ብቻ ነው የበላው!»

«እንግዲያውስ ሮጠሽ አምጪው» አለኝ ዶክተሩ።

በባጃጅ ተመልሼ ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ባዶ ነው። እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለቅዳሴ ልትሄድ ደጇ ላይ ቆማለች።

«ባጃጅሽን ተከትሎ ወጣልሽ» አለችኝ፤ ከስንት ወር በኋላ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «መንገድ ላይ አንድ ሰው ምርኩዙን ሲያነሳበት ደንብሮ ወደ ከተማው ተፈተለከ። ኧረ ጠርቼውም ነበር። በዚያ በማያምር ስሙ ጠርቼው ነበር።»

ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኳት። ስለ ዶሮዋ አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ባጃጇ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። «ጠጋ በይ» አለችኝ። «ያ ውሻ ከአባትሽ በቀር ማንን ያውቃል? ወደ እሱ ይሆናል የሄደው።»

ከማራኪ እስከ ቀሐ በግራና በቀኝ ራሳችንን አውጥተን «ምናገባችሁ! ምናገባችሁ!» እያልን ሄድን። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «እኛን ነው?» አሉን። እትዬ ዘነቡ «እርስዎን አይደለም፣ ውሻውን ነው!» ስትል ይብሱኑ ተቆጡ። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

ደብሩ በር ላይ ስንደርስ የሰማሁት ጩኸት ነገሩን ነገረኝ። በጾም የአዘቦቱ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነውና ቅጥር ግቢው በምእመን ተሞልቷል። ምናገባችሁ ከደጀ ሰላሙ ጎን፣ ግንቡ ከቤተልሔሙ ጋር በሚገጥምበት ጥግ ተወትፏል። ከፊቱ ሰባት ስምንት ሰው ዱላና መቋሚያ ይዞ «ክላ! ውጣ!» ይላል። ቤተ ክርስቲያን የገባ ውሻ ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ፤ መተረቻ የሆነው ለዚያ ነው። ውሻው ይንቀጠቀጣል። ጥርሱን አግጧል። አንድ ድንጋይ ጎኑን ሲመታው ያቺ ስስ ቆዳው ተተርትራ አየሁ።

መግባት አልቻልኩም። ቀሚሴ በዝምበይ ሽንትና ትውከት ርሷል፤ እንዲህ ሆኜ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረግጥም። በሩ ላይ ቆሜ ልጠራው አፌን ስከፍት ስሙ ትዝ አለኝ። በደጀ ሰላም፣ ለቅዳሴ በቆመ ሕዝብ ፊት «ምናገባችሁ» ተብሎ ይጮሃል? የእጄን አገኘሁ። ጮህኩት። አንዲት መነኩሲት ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያሸማቅቀኛል። ውሻው ግን ከዱላው በቀር የሚያየው፣ ከጩኸቱ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሰዎቹ የሚፈልጉት እንዲወጣ ነው፤ ከወጣ ደግሞ አለቀልኝ። በዚህ ድንጋጤው ያን በር ካገኘ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙም ማዶ ይበርራል። ማን ይደርስበታል? ዝምበይ እስከ ማታ ብቻ ነው ያላት።

«በሩን ዝጉት!» አልኩ።

የበሩ ጠባቂ አያ ተገኘ ያበድኩ መስሎት አየኝ። «ምነው ልጄ? ውሻ ውስጥ እያለ በር ይዘጋል?»

«ዝጋው አያ ተገኘ፣ በእመቤታችን! ከወጣ ሌላዋ ትሞታለች!»

«ጉድ እኮ ነው! ውሻውን ከቤተ ክርስቲያን ቆልፍ ትለኛለች!»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል እትዬ ዘነቡ በጎኔ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ነጠላዋ ንጹሕ ነበር። በሴቶች በር አጠገብ አንድ ዲያቆን ይዛ በጆሮው አንሾካሾከች። ዲያቆኑ ወደ ቅኔ ማኅሌት ገባ። እኔ በሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ አያ ተገኘ ወዲያ እየገፋው ስንታገል አባቴ መቋሚያውን እንደያዘ ወጣ።

ወደ እኔ አየ። ወደ ጥጉ አየ።

«ደሙ ነው የሚያድናት» አልኩት ከበሩ ላይ ሆኜ። «ከዚህ ከወጣ አናገኘውም፣ አባዬ።»

«ተገኘ» አለ አባቴ፣ ድምፁን ሳያነሳ፤ «በሩን ዝጋ።»

«መሪጌታ! ውሻ እኮ ነው!»

«አየሁት። ዝጋ።»

በሩ ተዘጋ፤ እኔ በፍርግርጉ አያለሁ። አባቴ ወደ ሰዎቹ ሄዶ «ዱላችሁን ጣሉ» አላቸው፤ ቀድሞ የራሱን መቋሚያ ምድር ላይ አኖረ። አንዱ ሽማግሌ «ቅዳሴው ይታጎላል እኮ፣ መሪጌታ!» ሲሉ፣ «ግቢው ጠበል ይረጭና ይባረካል፤ የሞተ ግን አይመለስም» አላቸው። ከዚያ ከውሻው አምስት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶት፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ማታ ማታ ደጃፋችን ላይ የሚያዜመውን የጾሙን ዜማ በለሆሳስ ጀመረ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። መቶ ሰው ትንፋሹን ይዟል። ምናገባችሁ መጀመሪያ አፉን ገጠመ። ቀጥሎ ጆሮውን አነሳ። በሆዱ እየተሳበ፣ እየቆመ፣ እየተሳበ መጣና ያን ረጅም አፍንጫውን በአባቴ ብብት ሥር ሰነቀረው። አባቴ ዜማውን ሳያቋርጥ ነጠላውን ከትከሻው አወረደ፤ ውሻውን ከነደሙ ጠቀለለው፤ እንደ ሕፃን አቀፈው። እኔ ፍርግርጉን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በሩ ሲከፈት ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። እኚያው «ቅዳሴው ይታጎላል» ያሉት ሽማግሌ የአባቴን መቋሚያ ከመሬት አንስተው ለእትዬ ዘነቡ ሲያቀብሏት አየሁ።

ክሊኒክ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ዝምበይ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛች ናት፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ አያይም። ዶክተር አንዷለም የሁለቱንም ጠብታ ደም ብርጭቆ ላይ ቀላቅሎ ተመለከተ። «አልተጣሉም» አለ። «ለምናገባችሁ ግን ማደንዘዣ ልሰጠው አልደፍርም። እንደዚህ ስብ የሌላቸውን ውሾች ማደንዘዣ ይጎዳቸዋል። ነቅቶ ነው የሚቀዳው፤ ከአንገቱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል። ከተነቃነቀ ደም ሥሩ ይቀደዳል።»

ሲተኛ ነክተውት የሚናከስ ውሻ፣ በአንገቱ መርፌ ገብቶ ሩብ ሰዓት! ተያየን። አባቴ መሬት ተቀምጦ የውሻውን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አደረገ።

«ቅዳ» አለው ዶክተሩን።

መርፌው ሲገባ ምናገባችሁ ሽምቅቅ አለ፤ ከንፈሩ ተገለጠ። አባቴ ማዜም ጀመረ። ውሻው ረገበ። ከረጢቱ ቀስ በቀስ ሞላ፤ ጥቁር ቀይ፣ ወፍራም፣ የሚያምር ደም ነበር። አንዴ አባቴ ምራቁን ሊውጥ ዝም ቢል የውሻው እግር ተወራጨ።

«አያቋርጡ፣ አባቴ! በርስዎ ድምፅ ነው የያዝነው!» አለ ዶክተሩ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

አላቋረጠም። ስንት ሌሊት ቆሞ ያዜመ ጉሮሮ ለአንድ ውሻ ሩብ ሰዓት አላነሰውም።

የደሙ ቱቦ ዝምበይ የፊት እግር ላይ ተሰካ። አሥር ጠብታ እንኳ ሳይወርድ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ዶክተሩ ቶሎ ዘጋው። «አልተስማማትም እንዴ?» አልኩ። «ዝም በይ እስኪ» አለኝ፤ ጆሮውን ልቧ ላይ አድርጎ እየሰማ። ያን ጊዜ የቆጠርኩት ደቂቃ ከሁዳዴው ሁሉ ይረዝማል። ከዚያ ቀና አለ። «ቀዝቅዟት ነው መሰለኝ። ዝግ አድርገን እንቀጥላለን።» ጋቢ ደረብንባት። ጠብታው እንደገና ጀመረ፤ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ምንም የለም። አስራ አንድ ተኩል ላይ አተነፋፈሷ ረዘም አለ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ዶክተሩ ከንፈሯን ገለጠና ምንም ሳይናገር እጄን ስቦ አሳየኝ። ድዷ ወይን ጠጅ በውሃ የተበረዘ መስሏል። ቀይ አይደለም፤ ግን ኖራም አይደለም። «ገባ!» አለ ያ ጭምት ወጣት፣ በቦቲ ጫማው እየዘለለ። «ደሙ ገባ! ሰጠሁ እኮ! በእጄ ሰጠሁ!» እኔ እልል አልኩ። ደጅ ላይ የምትጠብቀው እትዬ ዘነቡ እልልታዬን ተቀበለችኝ፤ በቅሎውን ለማሳከም የመጣ አንድ ባላገር ሠርግ መስሎት ገባ።

ዝምበይ አንገቷን ያነሳችው ከረጢቱ ሲያልቅ ነው። ዙሪያዋን አየች። በቅርቧ ያለው እጅ የአባቴ ነበርና ላሰችው። ነጠላውን ሲሰበስብባት የኖረው አባቴ እጁን አልሳበም።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ምግብ ቤቴ ውስጥ «የማይነካ» የምለው አንድ ድስት አለ፤ ሽንኩርት፣ ጨውና በርበሬ የማያውቀው የውሾቹ ድስት ነው። ዝምበይ ድና ባለፈው ጥቅምት ከባጃጅ ጋር ተሽቀዳድማ ቀድማለች። እትዬ ዘነቡ «ስሟን ቀይሪላት» ብላ አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ እቀይራለሁ ስላት ግን «ተይው፣ ለምጄዋለሁ» አለች። ምናገባችሁ ከዚያ ወዲህ ጅብ ለዘነጠለው የአንድ የዳባት ገበሬ ውሻ ደም ሰጥቷል። ገበሬው «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» እያለ ጉልበቱን ሊስመው ነበር። ያኔም ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያዜመለት አባቴ ነው።

እናንተም የምትወዱትን ነገር በራሳችሁ ልማድ እየለካችሁ የምትመግቡ ካላችሁ፣ ቆም ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ፍቅሬ ሐሰት አልነበረም፤ አለማወቄ ግን ከጠላት እኩል ሊገድላት ነበር። አለማወቅ በመጠየቅ ይድናል። እኔ ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተሩ ማታ ሲሸኘን ደሟ እንዲተካ በየቀኑ ጉበት መብላት እንዳለባት ነግሮን ነበር። ሌሊቱን የተጨነቅኩት በዚያ ነው፤ በሁዳዴ ጉበት ከየት? የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ነው። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉት የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፤ የመሪጌታ ልጅ በጾም እዚያ ስትገባ ብትታይ ግን ስሙ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ስነሳ አባቴ ቤት አልነበረም። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ከመንገዱ ማዶ አየሁት። ጥምጣሙን ጠምጥሟል፤ በአንድ እጁ መቋሚያውን፣ በሌላው ውስጡ ያለውን የሚያሳይ ስስ ፌስታል አንጠልጥሏል። ደም ያዘለ ጉበት ነው። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከኪዳን የሚመለሰው ምእመን ሁሉ ቆሞ ያየዋል። በጎን በኩል እንኳ ሊደብቀው አልሞከረም።

አንድ ሰው አላስችለው አለና መንገድ ዘጋበት። «መሪጌታ! በሁዳዴ?»

አባቴ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ለታማሚ ነው» አለና መንገዱን ቀጠለ።